ምዕራፍ ሰባት፦ ከጣሪያ የሚወርድ ፕላን

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው እርሳስና ወረቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚስለው አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ በር ያስገባል፣ አልጋ ያስቀምጣል፣ ጠረጴዛና ምድጃ ይደረድራል። እስካሁን በዚህ መጽሐፍ የሳልናቸው ቤቶችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በምዕራፍ ሁለት መሠረቱን፣ በምዕራፍ አራት የፀሐይንና የነፋስን አቅጣጫ፣ ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ የክፍሎችን አደራደር ያየነው ሁሉንም ነገር ወለል ላይ እያነጠፍን ነበር። ለተራ ቤት መንገዱ ይሠራል። ቆጥ ላለው ትንሽ ቤት ግን አይሠራም። እዚያ ወለሉ ላይ ምን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ጣሪያው ነው። ይህ ምዕራፍ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ቀላል ቢመስልም ሥር የሰደደውን ልማድ ለማስለቀቅ አንድ ምዕራፍ ያስፈልገዋል።

ምሳሌ እንዲሆነን አንድ የሐሳብ ቤት መንዝ ላይ እንትከል። ቦታው ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠርዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀትሩ ጠራራ ነው። ዕቃ ከመኪና ከወረደ በኋላ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይሄዳል። ቤቱ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እያዩ ለሚሰነብቱ ሁለት ሰዎች ነው፤ አልፎ አልፎ እንግዳ ይጨመራል። የውስጡ ስፋት 3 ሜትር ከ60 በ5 ሜትር ከ40፣ ማለትም 19 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ እንዴት ይበቃል የሚል ካለ፣ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 ዋልደን ኩሬ ዳር በገዛ እጁ የሠራት ጎጆ 10 ጫማ በ15 ጫማ ነበረች። ወደ 14 ካሬ ሜትር መሆኗ ነው። እሷም ቆጥ ነበራት።

ድፎውን መቁረጥ

ድፎ ዳቦ ከኮባው ተላቆ ሲቀርብ ከላይ የሚታየን ክብ ነው። ስፋቱን አይተን ለስንት ሰው እንደሚበቃ እንገምታለን። መሐሉ ይብሰል ሊጥ ይሁን የምናውቀው ግን ቢላዋ ሲገባ ነው።

ፕላን ማለት ቤትን ከላይ ማየት ነው። በትክክል ለመናገር፣ ቤቱን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ብለን አግድም እንቆርጥና የላይኛውን ክዳን አንሥተን ወደ ታች እናያለን። ስለዚህ ፕላን ላይ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ይታያል፤ ከፍታ አይታይም። ሌላው አቆራረጥ ከጣሪያው አናት እስከ መሠረቱ ቁልቁል ነው። ባለሙያዎች ሴክሽን ይሉታል፤ እኛ እዚህ ቁርጥ እንለዋለን። ቁርጡ ላይ የሚታየው ሰው የሚቆምበት፣ የሚጎነበስበትና የሚጋደምበት ቦታ ነው።

ቆጥ የሌለው ቤት ውስጥ ከፍታው የትም ቢሆን አንድ ስለሆነ ቁርጡ አዲስ ነገር አይነግረንም፤ ፕላኑ ብቻውን ይበቃል። ቆጥ ሲገባ ግን የወለሉ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ከፍታ ይኖረዋል። ቁርጡን ሳይስሉ ፕላኑን ማጽደቅ ድፎውን ሳይቆርጡ እንግዳ እንደ መጥራት ነው።

አንድ ፕላን፣ ሁለት ቤት

ይህን በቁጥር እንየው፤ ከመደመርና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

ከቤታችን 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ውስጥ በአንደኛው ጫፍ 2 ሜትር ከ40ውን ቆጥ እናለብሰው። የቆጡ ስፋት 3.60 ሲባዛ በ2.40፣ ማለትም 8 ነጥብ 64 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከሥሩ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ ስላለበት 2 ሜትር እንተውለት። የቆጡ ወለል ራሱም ውፍረት አለው፤ አግዳሚው፣ ከላዩ የሚለብሰው ጣውላና ከሥሩ የሚመታው ኮርኒስ ተደምረው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበላሉ። ስለዚህ ቆጥ ላይ የወጣ ሰው የሚረግጠው ከመሬቱ ወለል 2 ሜትር ከ20 ላይ ነው። የጎን ግድግዳችን 2 ሜትር ከ70 ቢሆን፣ ቆጡ ላይ ከዳር በኩል የሚቀረው ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጣሪያው ጉዳይ ነው።

ቆጥ ላይ ሰው መቆም አይኖርበትም፤ ፍራሽ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ ግን ይኖርበታል። ከፍራሹ ጋር ለዚህ 1 ሜትር ከ10 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነው ሁሉ የብርድ ልብስና የሻንጣ ቦታ እንጂ የሰው ቦታ አይደለም።

አሁን በዚያው ፕላን ላይ ሁለት ጣሪያ እንክደን። የመጀመሪያው ከዳር ወደ መሐል በገባን ቁጥር በአንድ ሜትር 70 ሳንቲ ሜትር ይነሣል፤ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። የቤቱ ግማሽ ወርድ 1 ሜትር ከ80 ስለሆነ የጣሪያው አናት ከግድግዳው ራስ 1 ሜትር ከ26 ከፍ ይላል፤ ከቆጡ ወለል ሲለካ 1 ሜትር ከ76 ይሆናል። ቁጭ ተብሎ ቀና የሚባልበት ወርድ 1 ሜትር ከ89 ነው። ለሁለት ሰው ፍራሽ ይበቃል። ከ8 ነጥብ 64 ካሬው ለሰው የሚሆነው 4 ካሬ ተኩል ብቻ መሆኑን ግን ልብ እንበል፤ የቀረው ግማሽ ሊጥ ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ በብዙ የቆርቆሮ ቤት የምናየው ዓይነት ነው፤ በአንድ ሜትር 36 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሣል፣ 20 ዲግሪ ገደማ። እዚህ ቤት ውስጥ ከቆጡ ወለል እስከ አናቱ ያለው 1 ሜትር ከ15 ነው። ቀና ተብሎ የሚቀመጥበት ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አንድ ሰው ልክ ከአናቱ ሥር ቀጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችል ይሆናል፤ ጎኑ የተኛው ሰው ሲነሣ ግንባሩን ይመታል።

ሁለቱ ቤቶች ፕላናቸው አንድ ነው፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይለያዩም። አንደኛው ለሁለት ሰው መኝታ ሲሆን ሁለተኛው የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው።

የጥንቱ ጣሪያ ይህ ችግር አልነበረበትም። የሣር ክዳን ውኃውን ቶሎ ካላፈሰሰ ስለሚበሰብስ ቁልቁል መሆን ግዴታው ነው፤ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ሠሪው ባያስብበትም ከአናቱ ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ቆርቆሮ ሲመጣ ጣሪያው ተኛ። ቆርቆሮ በዝቅተኛ ተዳፋት ውኃ ያፈሳል፣ የተኛ ጣሪያም ሉህ ይቆጥባል። የመጀመሪያው ጣሪያችን ከሁለተኛው ይልቅ 15 በመቶ ያህል ብዙ ቆርቆሮ ይፈጃል። እኔ በዚህ ወጪ አልደራደርም። መኝታ ቤት በ15 በመቶ ቆርቆሮ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

መሰላሉ የት ይቁም?

ፕላን የሚስሉ ሰዎች መሰላልን እንደ ዕቃ ያዩታል፤ ሁሉም ነገር ከተደረደረ በኋላ በተረፈው ጥግ ያቆሙታል። ጥጉ ደግሞ ሁልጊዜ ግድግዳ ሥር ነው። ቁርጡን ስናወጣ ምን እንደሚገጥመን እንይ፦ ከጎን ግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ በቆመ መሰላል የወጣ ሰው ቆጡ ላይ ሲደርስ ከራሱ በላይ ያለው 71 ሳንቲ ሜትር ነው። በደረቱ እየተሳበ ይገባል፤ ሌሊት ሲወርድ ደግሞ በእግሩ እየዳሰሰ የማያየውን እርከን ይፈልጋል። ከመሰላል መውደቅ የሚመጣው በአብዛኛው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው የሚሉ አናጢዎች እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ መሰላሉ የሚወጣው ከፍታ ባለበት፣ ወደ አናቱ በተጠጋ መስመር ላይ ነው። ልክ መሐል ላይ ካቆምነው ግን ከቆጡ ሥር ያለውን ቦታ ለሁለት እኩል ከፍሎ ሁለቱንም ጠባብ ያደርጋቸዋል። እኔ የምመርጠው ከአንደኛው የጎን ግድግዳ 1 ሜትር ከ20 ገባ ማድረግን ነው። እዚያ ከቆጡ በላይ ያለው ከፍታ 1 ሜትር ከ34 ስለሆነ ሰው ተጎንብሶም ቢሆን ተረጋግቶ ይገባል። በሌላው በኩል ደግሞ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ሰፊ መተላለፊያ ይቀራል። የቆጡን ጠርዝ የሚሸከመው ምሰሶም እዚያው መሰላሉ አጠገብ ይቆማል፤ ረጅሙን አግዳሚ ለሁለት አሳጥሮ ያጠነክረዋል፣ ለወጪ ወራጁም መጨበጫ ይሆናል።

መሰላል ወይስ ደረጃ? የተለመደው ምቹ ደረጃ 2 ሜትር ከ20 ለመውጣት 12 ያህል እርከን፣ ወለል ላይ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ከ75 ርዝመት ይፈልጋል። በ80 ሳንቲ ሜትር ወርድ ሲባዛ 2 ነጥብ 2 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከጠቅላላው ወለላችን ከአሥር እጅ አንዱን አልፏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በ75 ዲግሪ የቆመ መሰላል ግን ወለል ላይ የሚወስደው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች ኮድ እ.ኤ.አ. በ2018 እትሙ ቆጡ ሳይቆጠር 37 ካሬ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆኑ ቤቶች አንድ ተቀጥላ ጨምሯል። እዚያ ላይ ለቆጥ መሰላል የተፈቀደው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው፤ እርከኖቹ በእኩል ርቀት፣ ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር መካከል እንዲራራቁ ያዛል። ለእኛ ከፍታ እርከኖቹ በ31 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ ስድስት እርከን ይበቃል፤ ሰባተኛው ቆጡ ራሱ ነው። መንዝ ውስጥ ይህን ኮድ የሚያስከብር የለም፤ ቁጥሮቹ ግን የሰው እግር ቁጥሮች ናቸውና ቢወሰዱ ይበጃል። ያው ተቀጥላ ቆጡ ላይ ሰው ሊሾልክበት የሚችል መስኮት ይጠይቃል። እኛም ከቆጡ ራስጌ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሚያልቀው የጫፍ ግድግዳ ላይ ቢያንስ 51 ሳንቲ ሜትር ወርድና 61 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ተከፋች መስኮት እናደርጋለን። ሁለቱም በትንሹ ከተሠሩ መክፈቻው ለሰው ጠባብ ስለሚሆን አንዱን ሰፋ ማድረግ ነው። ከታች እሳት ቢነሣ በመሰላሉ መውረድ አይቻልምና ይህ መስኮት ለብርሃን ብቻ አይደለም።

ጉልበቱ የሚያመው ሰው ቆጥ ላይ አይተኛ። በዚህ ላይ ክርክር አልወድም። ደረጃውን ምቹ በማድረግ ከማባበል ይልቅ ታች መደብ መሥራት ይሻላል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከቆጡ ሥርና ከቆጡ ውጭ

አሁን ወደ ፕላኑ መውረድ እንችላለን፤ አብዛኛው ነገር ራሱ ቦታውን ይይዛል። ቁርጡ ወለሉን ለሁለት ከፍሎታል፦ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የቆጥ ሥር፣ እና እስከ አናቱ ወደ 4 ሜትር የሚደርስ 3 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ። ዝቅተኛው ክፍል ሰው ቆሞ አጭር ሥራ የሚሠራበት ይሁን፦ መክተፊያ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ የውኃ በርሜል፣ ከመሰላሉ ጀርባ ባለው ጠባብ ወገን ደግሞ ጓዳ። ከፍተኛው ክፍል ሰው ረጅም ሰዓት የሚቀመጥበት ይሁን። ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ቁጭ ሲል ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ኮርኒሱ ራሱ ላይ ከሆነ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይጠብበዋል።

ይህ አከፋፈል የእኔ ፈጠራ አይደለም። ባሕላዊው የሐረር ቤት የተሠራው በዚሁ አስተሳሰብ ነው፦ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ነደባ የሚባሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች ያሉት፣ «ግድር ጋር» የሚባለው ዋናው ክፍል ከፍ ያለ ነው። ከጎኑ ያሉት ጓዳዎች ዝቅ ያሉ ሲሆኑ በላያቸው ሌላ ክፍል ይሸከማሉ። ላሊበላ ላይ ደግሞ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተገነቡት ክብ ቤቶች ባለ ሁለት ደርብ ናቸው። ቦታን ወደ ላይ መፈለግ ለዚህ አገር ግንበኛ አዲስ ነገር አልነበረም።

አዳራሹ ጫፍ ላይ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ይሁን፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ቆጥ መውጣት ለማይችለው እንግዳ አልጋ ነው። በሩስ? በሩን የሚወስነው የሌሊት መንገድ ነው። መጸዳጃው ውጭ ስለሆነ ቆጥ ላይ የተኛ ሰው ሌሊት የሚሄደው ከመሰላሉ ግርጌ ወደ በሩ ነው፤ እንቅልፉን ሳይጨርስ፣ ምናልባትም ባትሪ ሳያበራ። በዚያ መስመር ላይ ምድጃ፣ በርጩማ፣ ሹል የጠረጴዛ ጥግ መኖር የለበትም። ስለዚህ በሩን መሰላሉ በቀረበበት የጎን ግድግዳ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ወደ ቆጡ ጠርዝ ተጠግቶ አደርገዋለሁ፤ ከግርጌው እስከ በሩ ሁለት እርምጃ አይሞላም። በምዕራፍ አራት እንዳየነው ይህ ግድግዳ ነፋሱ ከሚመጣበት ዞር ያለው እንዲሆን ቤቱን ስንተክል ማዞር አለብን። ተመልከቱ፦ ከጣሪያው ጀምረን፣ በመሰላሉ ወርደን፣ በበሩ ወጥተን፣ የቤቱ አቅጣጫ ላይ ደረስን።

ሙቀቱና ጭሱ

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ደጋ ላይ ለቆጥ ከሚነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ታች የነደደው ላይ ያሞቃል። ነገር ግን ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይወጣል። እሳቱ ከቆጡ ሥር ከሆነ የጭስ ማውጫው ቱቦ መኝታውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቦታም ይበላል፣ ፍራሽም ያቃጥላል። ስለዚህ መክተፊያው ከቆጡ ሥር ቢሆንም እሳቱ እዚያ አይሁን። የብረት ምድጃው አዳራሹ ውስጥ፣ ከበሩ ማዶ ባለው የጎን ግድግዳ በኩል፣ ከእንጨት ነገር ርቆ ይቁም፤ ቱቦውም ቆጡን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ጣሪያውን ይበሳ። እንጀራ የሚጋገረው ከውጭ ባለው ዳስ ነው።

ከሰል ግን ቤት ውስጥ ለማንም አይገባም። የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሞቀው አየር ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ ቀድሞ የሚያገኘው ቆጥ ላይ የተኛውን ነው። ብርዱ በጠናበት አገር ጭሱ ስላለቀ ከሰሉ አይጎዳም የሚለው እምነት ሰው ይገድላል።

ቆርቆሮው ራሱም ችግር አለው። ቀትር ላይ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ከውጭው አየር ቀድሞ ይቀዘቅዝና የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከወራጆቹ ሥር ኮርኒስ፣ በመሐሉም ብርድ የሚከላከል ነገር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ከላይ ያሰላነው የጣሪያ ከፍታ ሁሉ የሚለካው ከቆርቆሮው ሳይሆን ከኮርኒሱ ነው። ብዙ ቆጥ ወረቀት ላይ በቅቶ ሲሠራ የሚጠበው በዚች አሥር ሳንቲ ሜትር ነው።

በቅሎ ላይ የሚጫን ቤት

ልኬቶቹን 3.60፣ 5.40፣ 2.40 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ሁሉም በ60 ሳንቲ ሜትር ይካፈላሉ። ገበያ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲነጠፉ ቆጣችንን ያለብሳሉ። ከመኪና ማውረጃው በፊት ለሁለት ለሁለት ማስቆረጥ ያሻል፤ ሙሉው ሉህ ነፋስ ባለበት አቀበት ላይ ሸራ ሆኖ በቅሎዋን ይጥላታል። እንጨትም እንዲሁ ነው፤ ከ4 ሜትር የረዘመ ነገር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አይዞርም። ቆርቆሮ ግን ሻጩ ጋ ያለው የሉህ ርዝመት ሳይጠየቅ ጣሪያው ባይነደፍ ይሻላል። ሩቅ ቦታ ላይ የተረፈ ቁራጭ እንደ ሙሉው የመጓጓዣ ዋጋ ተከፍሎበታል።

ገመድና ካስማ

ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል አንድ ፈተና አለ። ቦታው ላይ የቤቱን ውስጥ በካስማና በገመድ ለክቶ መዘርጋት፤ ከዚያ በረጃጅም አጠናዎች ላይ የቆጡን ወለልና የጣሪያውን መስመር በገመድ መወጠር። ቆጡን ወደ መሬት አውርዶ መሞከርም ይቻላል፦ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ፣ ግራና ቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ገመድ አሥሮ፣ መሐሉን 1 ሜትር ከ76 ላይ ማንሣት። ከዚያ መተኛት፣ መገላበጥ፣ ቀና ማለት፣ ካልሲ ማጥለቅ። ገመዱን የነካ ራስ ኮርኒሱንም ይነካል።

ለአናጢው የሚሰጠው ወረቀት ሁለት ነው፤ ፕላኑና ቁርጡ። ፕላኑን ያለ ችግር ይከተላል። የጣሪያውን ቁልቁለት ግን ከለመደው እንጂ ከወረቀቱ አይወስድም፤ ቆርቆሮ ይበዛብዎታል ብሎ በቅንነት ዝቅ ያደርግልዎታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንድ ወራጅ እንደቆመ ከግድግዳው ራስ እስከ አናቱ በሜትር ይለካ። ከ1 ሜትር ከ26ና ከኮርኒሱ ውፍረት ድምር ካነሰ ሁለተኛው ጥንድ አይቁም።